ሌሊት ራሱን ያደሰው ሰርቨራችን

ኮንቴይነር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና ተጭኖ የሚመጣውን፣ ኋላም በየሰፈሩ ሱቅ ሆኖ የሚያገለግለውን የብረት ሣጥን ነው። የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ስሙን የወሰዱት ከዚሁ ሣጥን ነው። አንድ ፕሮግራም ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይታሸግና ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሳይቸገር እንዲዛወር ይደረጋል። ይህን አሠራር በሰፊው ያስለመደው ዶከር የተባለው ሶፍትዌር ሲሆን፣ ለሕዝብ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ዛሬ በትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ሳይሆን በየመኖሪያ ቤቱ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሳይቀር ይሠራበታል።

እኛም ቤት ያለው እንዲህ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። የእኅታችን ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ከመሄዱ በፊት ስክሪኑ የተሰነጠቀውን ላፕቶፕ ወስዶ የቤተሰብ ፎቶ ማስቀመጫ ሰርቨር አደረገልን። ላፕቶፕ መሆኑ በጅቶናል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ለተወሰነ ጊዜ ይዞት ይቆያል። በውስጡ ሁለት ኮንቴይነሮች አሉ። አንደኛው ፎቶዎቹን በስልካችን የሚያሳየን ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ቋት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ፎቶዎቹ ራሳቸው ያሉት በተራ ፎልደር ውስጥ ነው። ዳታቤዙ የሚይዘው ግን ፎቶው መቼ እንደተነሣ፣ በየትኛው አልበም እንዳለና በላዩ ላይ የሚታዩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ነው። እናታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከማረፋቸው በፊት በነበረው ክረምት አሮጌዎቹን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አንድ በአንድ እያየን ስም ያስጽፉን ነበር። «ይህች የአባታችሁ አክስት ናት፣ ደሴ ነበር የተዳረችው፤ ይህ ደግሞ ከጎኗ የቆመው ጎረቤቷ ነው» እያሉ 300 ያህል ፎቶዎችን ነግረውናል። ከእርሳቸው በኋላ እነዚህን ሰዎች ለይቶ የሚያውቅ በቤተሰባችን ውስጥ የለም። ስሞቹም የሚገኙት በዚያ ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ነበር።

ችግሩ የተከሰተው በ2018 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ጠዋት ፕሮግራሙን ስንከፍት አልከፈት አለ። እንደ ወትሮው መጀመሪያ የተጠረጠረው ኢንተርኔቱ ነበር። ቀጥሎ የይለፍ ቃሉ ተጠረጠረ። ኮምፒውተር የሚጠግን የሰፈራችን ወጣት መጥቶ ጥቂት ነካካና «ጋሼ፣ ሁሉንም ደምስሰን እንደ አዲስ ብንጭነው ይሻላል፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለን። ቅን ልጅ ነው፤ ለብዙ ችግርም ይህ ዘዴ ይሠራል። በበኩላችን ግን አልተቀበልነውም። የእኅታችንን ልጅ በስልክ ስናገኘውም መስመሩ ከመቋረጡ በፊት የተናገረው ይህንኑ ነበር። «አክስቴ፣ ሣጥኑ ቢጣል ግድ የለም፣ ሌላ ይመጣል። የዳታውን ፎልደር ግን ማንም እንዳይነካው!»

በእርግጥም የኮንቴይነር ነገር እንዲህ ነው። ማዘመን ማለት አሮጌውን ሣጥን መጠገን ሳይሆን እርሱን ጥሎ በቦታው አዲስ ማቆም ነው። ስለዚህ መረጃው ከሣጥኑ ውጭ፣ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ በተለየ ፎልደር ወይም ቮልዩም በሚባለው ቦታ መቀመጥ አለበት። በሣጥኑ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ መረጃ ከሣጥኑ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሣጥኖቹን የሚያፈርሰው «ዳውን» የተባለው ትእዛዝም ብቻውን ሲሰጥ ቮልዩሞቹን አይነካም፤ ከኋላው «ቪ» የምትለዋ ፊደል ከተጨመረች ግን አብሮ ይጠርጋቸዋል። አንዲት ፊደል ናት።

ምርመራውን የጀመርነው ኮንቴይነሮቹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ በማየት ነው። የፎቶው ፕሮግራም ቆሞ ይሠራል፤ ዳታቤዙ ግን ይነሣል፣ ይወድቃል፣ መልሶ ይነሣል። ቀጥሎ የሁለቱንም ሎግ፣ ማለትም የሥራ መዝገባቸውን አነበብን። የፎቶው ፕሮግራም «ዳታቤዙን ላገኘው አልቻልኩም» ይላል እንጂ ሌላ የሚነግረን የለም። ጩኸቱ ከዚህ ቢሰማም በሽታው ከወዲያኛው ነው። በዳታቤዙ ሎግ ላይ የተጻፈው ግልጽ ነበር፤ ከ18ኛው ስሪት ጀምሮ መረጃ የሚቀመጥበት ቦታ መለወጡንና እዚህ ግን የአሮጌ ስሪት መረጃ መገኘቱን ይገልጻል።

ነገሩ የተፈጠረው እንደሚከተለው ነው። ፖስትግሬስ 18 የወጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የዳታቤዙ ዋና ስሪት በተለወጠ ቁጥር አዲሱ የአሮጌውን የመረጃ ፋይሎች በቀጥታ ማንበብ አይችልም፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን የታወቀ ባሕርይው ነው። በ18ኛው ላይ ደግሞ በዶከር ሣጥኑ ውስጥ ያለው የማስቀመጫ ቦታ ጭምር ተለወጠ። በሰርቨራችን የተከላ ዝርዝር ላይ የዳታቤዙ ስም እንጂ የስሪቱ ቁጥር አልተጻፈም ነበር። ቁጥር ካልተጻፈ ዶከር «ላተስት» የሚል ምልክት የተለጠፈበትን ያመጣል። ምልክቱ ትናንት በ17 ላይ ነበር፤ ዛሬ በ18 ላይ ነው። ለተላላኪ ልጅ «ዘይት ግዛ» ብሎ ዓይነቱን እንዳለመንገር ያለ ነው። ሌሊት ሌሊት አዲስ ነገር እየፈለገ የሚያዘምነው ፕሮግራምም የታዘዘውን ፈጸመ። እኛ እንደምናየው፣ በራስ የሚመጣ አፕዴት ለስልክና ለኢንተርኔት ማሰሻ ተገቢ ነው። ለዳታቤዝ ግን ሰው ነቅቶ በቀን ቢሠራው ይሻላል።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ አስቀድመን ሁሉንም ኮንቴይነሮች አቆምን። ዳታቤዝ እየሠራ ሳለ ፎልደሩ ቢገለበጥ ቅጂው የተዛባ ሊሆን ይችላል። ከዚያም የዳታውን ፎልደር እንዳለ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥን። የሚገለበጠውም የፋይሎቹን ባለቤትነት በሚጠብቅ ትእዛዝ ነው፤ በተለመደው የፖስትግሬስ ኢሜጅ ውስጥ ባለቤቱ በቁጥር 999 የሚታወቅ ተጠቃሚ ነውና፣ ይህ ሲለወጥ ዳታቤዙ በገዛ ፋይሎቹ ላይ ይከለከላል። በዚሁ ፎልደር ውስጥ ፒጂ ቨርዥን የምትባል ትንሽ ፋይል አለች። ስንከፍታት የተጻፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 17። በግምት መሥራት አላስፈለገም።

በተከላው ዝርዝር ላይ ከዳታቤዙ ስም ቀጥሎ 17 ብለን ጻፍንና አስነሣነው። በቤታችን መስመር ከመቶ ሜጋባይት በላይ ማውረድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የ17ኛው ኢሜጅ ግን ከዲስኩ ላይ ገና ስላልተጠረገ ማውረድ ሳያስፈልገን ቀረ። ዳታቤዙ ተነሣ፤ አልወደቀም። የፎቶውን ፕሮግራም ከፍተን በመፈለጊያው ላይ የአባታችንን አክስት ስም ስንጽፍ ከደሴው ፎቶ ጋር ወጣች። ለትንሽ ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን።

ሌሎች ቤቶች የሚያጋጥማቸው ችግር ከዚህ ሊለይ ይችላል። ኮንቴይነሩን አጥፍቶ ማብራት ብቻ አዲስ ስሪት አያመጣም፤ ኢሜጁ መውረድና ኮንቴይነሩ እንደገና መፈጠር አለበት። የአሮጌዎቹ ኢሜጆች ክምችት ዲስኩን ሞልቶ አዲሱን የሚያስቀር ጊዜም አለ፤ በዚህ ጊዜ የማይሠራባቸውን ኢሜጆች ብቻ መጥረግ ይበቃል።

ወደ 18 ለመሻገር አልቸኮልንም። ፖስትግሬስ 17 እስከ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2029 ድረስ ማስተካከያ እንደሚወጣለት ሠሪዎቹ አስታውቀዋል። በ17 ውስጥ የሚወጡት ትናንሽ ማሻሻያዎችም የመረጃውን አቀማመጥ አይለውጡም። ለመሻገር የሚፈልግ ሰው ግን አሮጌው ዳታቤዝ እየሠራ ሳለ ይዘቱን በሙሉ ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል ያስወጣል። ይህን የሚሠራው ፒጂ ዳምፕ ኦል የሚባለው ትእዛዝ ነው። ከዚያም 18ኛውን በአዲስ ባዶ ፎልደር ላይ አቁሞ ፋይሉን ያስገባበታል። አሮጌው ፎልደር እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቆያል።

ይህንኑ የጽሑፍ ፋይል እኛም በየወሩ እናወጣለን። 40 ሜጋባይት አይሞላም። አንዱን ቅጂ ጅማ ያለችው እኅታችን በፍላሽ ትወስዳለች። ባለፈው ወር የወሰደችውን በእርሷ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ዳታቤዝ አቁመን አስገባነውና እናታችን ያስጻፉንን ስሞች ቆጠርናቸው፤ አንድም አልጎደለም።