ከአክስቴ ያጣላችኝ ፊደል

መቼም የጻፉትን መልሶ ማንበብ እንደ እኔ የሚያስጠላው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጽፌ ስጨርስ እፎይ ብዬ ብድግ ነው። «እዩት እንጂ» ስባል «የጻፍኩት እኔ፣ ምን አየዋለሁ?» እላለሁ።

አምና አጎቴ አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ቤተ ዘመዱ እኔን መረጠ። ሌሊቱን በእጄ ጻፍኩና ጠዋት ታይፕ ቤት ወሰድኩት። ልጅቷ ስትጨርስ «አንዴ ይመልከቱት» አለችኝ። «ቀብር ረፈደብኝ» ብዬ ነጥቄያት በረርኩ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ የዕድሩ ጸሐፊ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስድስት ልጆቻቸውን ቀን ከሌት ሠርቀው ያሳደጉ» አይል መሰላችሁ! «ሠርተው» ብዬ የጻፍኳት «ተ»፣ «ቀ» ሆና ቁጭ ብላለች። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አክስቴ ግን አልሳቁም። አርባው ወጥቶ፣ ሙት ዓመቱም አልፎ እስካሁን ሰላምታዬን አይመልሱም።

ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ለካስ ፍርሃት ነው! ደግሜ ካየሁት ድክመቴ ይታየኛል። ባየውም ዓይኔ የሚያነበው የተጻፈውን ሳይሆን ያሰብኩትን ነው።

እናላችሁ፣ አሁን ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። ጊዜ ካለ ጽሑፉን አሳድረዋለሁ። ከሌለ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ስምና ቁጥር ላይ ስደርስ በጣቴ እየጠቆምኩ። ከዚያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው አሳያለሁ።

ለአክስቴ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እሑድ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ እናንተም በጸሎት አስቡኝ!