ለዋግሹም ጎበዜ ያልፈሰሰ ዕንባ

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በተደረሱት ልብ ወለዶችና ተውኔቶች ውስጥ ዋግሹም ጎበዜ አብዛኛውን ጊዜ ከመጋረጃው በስተጀርባ የሚቀር ሰው ነው። ከላስታ ደጋ ማዶ የሚሰማ ነጋሪት፣ መልእክተኛ ተንበርክኮ የሚያቀርበው ክፉ ወሬ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ጭንቀት የሚያባብስ አንድ ተጨማሪ ሽፍታ ነው። ደራሲ ፊት ሊሰጠው ሲፈልግም የተንኰለኛ ፊት ይሰጠዋል። ሰውዬው ከየትኛው ቤት እንደ ወጣ፣ ከቤቱስ ምን ጐድሎበት እንደ ወጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከቤቱ የጐደለው አባቱ ነበር። ዋግሹም ገብረ መድኅንን በሞት የቀጣው ራሱ ቴዎድሮስ ነው። ልጁ ጎበዜ በ1850ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በዋግና በላስታ ነጋሪት ሲያስመታ፣ ከሥልጣን ጥሙ ጋር ያልተመለሰ ደም ይዞ ተነሥቷል። ነገሩ በሁለት መስመር ያልቃል፤ የኪነ ጥበቡ ችግር ግን እዚሁ ላይ ይጀምራል። ይኸው ታሪክ ስሙ ብቻ ቢለወጥ የቴዎድሮስ የራሱ ታሪክ ይሆናልና።

የቋራው ካሣ ኃይሉ አባቱን ያጣው በልጅነቱ ነው። እናቱ አትጠገብ ጎንደር ላይ ተቸግራ ኮሶ ትሸጥ ነበር ተብሎ ተወራ፤ ወሬው እውነት ይሁን የጠላት ፈጠራ፣ ልጁን ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል። ለትምህርት የተላከበትን ገዳም፣ እንደሚተረከው፣ በጦርነት የተሸነፈ አንድ መስፍን ወረረው፤ ያሸነፉትን ሰዎች ማግኘት ቢሳነው ልጆቻቸውን አገኘ፤ ከሕፃናቱ ገሚሱን አስገደለ፣ የገሚሱንም አካል አስቈረጠ። ካሣ አመለጠ። ፊደል ሊቈጥር የሄደ ልጅ የአባት ዕዳ በልጅ ገላ እንደሚከፈል በዐይኑ አይቶ ተመለሰ።

ቀጥሎ ያለውን ክፍል የቲያትር ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ቢወደውም አይፈረድበትም። የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዞ እንደሚመጣ ፎክሮ ዘመተ፤ ድል ሆኖም ተያዘ። ካሣም፣ ይባላል፣ እናቱ በዚያ ቀን ገበያ ስላልቀናት እህል መግዣ እንዳላገኘች ነግሮ፣ ሳይሸጥ ከተረፈው ኮሶ ምርኮኛውን ጋበዘው። ኮሶ መራር ነው፤ አንጀት ይፈትጋል፤ ከመጠኑ ሲያልፍ ይገድላል። ተመልካች ግን ይህን ትዕይንት ሲያይ ይስቃል፤ ያጨበጭባል። እጅ የሰጠ ሰው መርዝ ቀረሽ መድኃኒት በግድ ሲጋት መሳቁን ልብ አይለውም፤ ቀደም ሲል የልጁን ውርደት አብሮት ተዋርዷልና። የማንን ልጅነት አስቀድሞ እንዳየ፣ ጭብጨባውም ለዚያው ይሆናል።

የዘመኑ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች እንኳ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ፍርድ ሰጥተዋል። አለቃ ዘነብ ቴዎድሮስን በፍቅር ይከተለዋል፤ አለቃ ወልደ ማርያም ጭካኔውን ሳይሸፍን ይመዘግባል። በ20ኛው መቶ ዘመን ግን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔቱ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በመድረክ ሥራው ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን አደሉት። ታላቅ ሥራ ሠርተዋል፤ በጭካኔው ብቻ ይታወስ የነበረውን ንጉሥ አገር አንድ ሊያደርግ የተነሣ፣ የቈሰለ ሰው አድርገው መልሰው ሰጥተዋል። ዕንባው ግን ለአንድ ሰው ብቻ በቃ። ሌላው ወላጅ አልባ ከተራራው ማዶ ቀረ።

ይህ ጉድለት በላስታ ላይ መድረሱ ደግሞ ያስገርማል። የላሊበላን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት የሚሄድ ሰው በዚያው የሚሰማው የመጀመሪያው ታሪክ የወንድማማቾች ታሪክ ነው። በገድሉ እንደተጻፈው ሕፃኑን ንቦች ከበውት ሲያዩ ንግሥናውን ተነበዩ፤ የነገሠው ወንድሙ ሐርቤ ትንቢቱን ፈራ፤ ላሊበላም መርዝ እስኪጠጣ ድረስ ተሳደደ። ሐርቤ የዚህ ታሪክ ክፉ ሰው ነው። ሆኖም ተራኪው በክፋቱ ላይ አይተወውም፤ የፈራውን ወንድሙን ወጥቶ እንዲቀበለው፣ ዙፋኑንም እንዲለቅለት ያደርገዋል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ የነበሩ የጥንት ጸሐፊዎች ለባላንጣ የነፈጉት ነገር አልነበረም።

የጎበዜ ቤት ደግሞ ከዚሁ ከዛግዌ የትውልድ ሐረግ እቈጠራለሁ የሚል ነበር። ዛግዌዎች በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑን በይኩኖ አምላክ እጅ አጥተዋል፤ የዋግ ሹሞችም በብር ነጋሪት የማስመታት ክብር የቀረላቸው በዚያ ምክንያት ነው ይባላል። ስድስት መቶ ዓመት የቈየ የቤተሰብ ትዝታ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመመዘን ያስቸግራል። አባቱ ሲገደል ግን የቀድሞው ነቀርሳ አዲስ ቍስል ሆኖ ሳያመረቅዝ አልቀረም። እንግዲህ ጎበዜ የተዋረደ ዘር፣ የተገደለ አባት፣ ከዚህም ጋር በእጁ ጦር ያለው ሰው ነበር። ለተውኔት ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣለት?

ያም ሆኖ በ1860 ዓ.ም. ያደረገው ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከአሸንጌ ሐይቅ ወደ ደቡብ አቅንቶ፣ የላስታን ደጋ አቋርጦ፣ ወደ በሽሎ ወረደ። ጎበዜ አልመከተውም። እርግጥ ከዚያ በፊት ትግራይ ላይ ካሣ ምርጫም አሳልፎታል፤ ገበሬውም ገብሱንና ድርቆሹን በማርያ ትሬዛ ብር ሸጦለታል። በገበሬው ላይ ግን የሚፈርድ የለም፤ ከዚያ በፊት የንጉሡም የሽፍታውም ሠራዊት ጎተራውን ሳይከፍል ሲያራግፍበት ኖሯል፤ የዚህ ሁሉ የመሳፍንት በቀል ስንቅ የተሰፈረው ከእርሱ አውድማ ነው። ጎበዜ ግን ጦር ነበረው፤ ምርጫም ነበረው። የባዕድ መድፍ የአባቱን ገዳይ እንዲገድልለት ከመንገድ ዞር አለ።

እዚህ ላይ ነው ገጸ ባሕርዩ ጥልቀት የሚያገኘው። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጡን በገዛ አፉ ጐርሶ ሞተ። የገብረ መድኅን ልጅ ዓመታት ሲያሳድደው የኖረውን ሰው ሌላ ከበበው፤ የተከበበውም ራሱን ገደለ፤ ለተበቃዩ የቀረለት ወሬ ብቻ ነው። ወሬውን ያመጣለትን መልእክተኛ ሸለመው? ወይስ ከድንኳኑ አስወጣው? ታሪክ የማይነግረውን ይህን ሌሊት አንድ ደራሲ በሙሉ ልቡ ቢጽፈው፣ ሚናውን የሚይዘው ተዋናይም ዐይኑን ማፍጠጥና ጢሙን መጐተት ቢተው፣ ተመልካች ማን ላይ እንደሚፈርድ ይቸግረው ነበር።

ብዙም ሳይቈይ ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. አቃጥሏት የነበረችውን ጎንደርን ይዞ አብያተ ክርስቲያናቷን አሳደሰ፤ አንዱ ያፈረሰውን ሌላው በመጠገን የሚበቀልበት መንገድም አለ። ሰላሙን ግን አላገኘውም። የሚስቱ የድንቅነሽ ወንድም ካሣ ምርጫ አልገብርም አለው። ጎበዜ 60,000 ያህል ሠራዊት አስከትሎ ትግራይ ወረደ፤ አማቹ 12,000 ያህል ነበረው፤ ነገር ግን ናፒየር ሲመለስ ትቶለት የሄደው መድፍና ጠመንጃ፣ ወታደሮቹን ያሠለጠነለትም ጆን ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊ ነበረው። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ ቍጥሩ ለመሣሪያው ተሸነፈ። ከሦስት ዓመት በፊት በላስታ መንገድ ሲያልፍ ዝም ብሎ ያየው ጦር ትቶት የሄደው መሣሪያ ዞሮ ደረቱ ላይ ተተኰሰ። ተማርኮ፣ ዐይኑ ጠፍቶ እንደሆነም ይነገራል፣ በእስር ላይ ሳለ ሞተ። ካሣ ምርጫ ዐፄ ዮሐንስ ሆነ።

ቴዎድሮስ አባት ያሳጣው ልጅ ሁሉ እንደ ጎበዜ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ሰውም አለ። የሸዋው ምኒልክ አባቱ ኃይለ መለኮት በቴዎድሮስ ዘመቻ ሰሞን ታሞ ሲሞት ገና ልጅ ነበር፤ ተማርኮ መቅደላ ላይ አሥር ዓመት ያህል ኖረ፤ ንጉሡ እንደ ልጅ አሳደገው፤ ልጁንም ዳረለት። በ1857 ዓ.ም. አመለጠ። የቴዎድሮስ ሞት ሲሰማ በአደባባይ ደስታ አሳይቶ በስውር አለቀሰ ይባላል። ያ አሳዳጊ ለጎበዜ አልነበረውም፤ የነበረው የአባቱ ሬሳ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አባቱን ያጣ አንድ ልጅ ደግሞ ይቀራል። የናፒየር ጦር መቅደላን አቃጥሎ በመጣበት መንገድ ወደ ሰሜን ሲመለስ የሰባት ዓመቱን ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ይዞ ነበር። እናቱ ጥሩወርቅ አብራው ነበረች፤ እርሷም ቴዎድሮስ ድል አድርጎ ያሰረው የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። እናትና ልጅ በላስታ ደጋ፣ የገብረ መድኅን ልጅ በሚገዛው አገር በኩል አለፉ። ትግራይ ሲደርሱ እናቱ ሞተች፤ ጨለቆት ተቀበረች። ልጁን ወደ ባሕሩ ወሰዱት።