ጎረቤት ስንጥቆች

ሁለት ስንጥቆች በአንድ ቁስ ውስጥ ሲቀራረቡ አንዱ የሌላውን ዕጣ ይወስናል። ትይዩ ሆነው ከቆሙ እርስ በርስ ይከላለላሉ፤ በአንድ መስመር ላይ ጫፍ ለጫፍ ከተፋጠጡ ግን በመካከላቸው የቀረው ጠባብ ክፍል ሸክሙ ስለሚበዛበት የጫፎቹ ውጥረት ይበረታል። ወጥ በሆነ ቁስ ይህ የታወቀ ነው።

ቁሱ ራሱ ከቦታ ቦታ ሲለያይ ግን ስሌቱ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 የጃፓን ተመራማሪዎች ለጠፈር አውሮፕላን አንድ ፊቱ 2000፣ ሌላው 1000 ኬልቪን ሙቀት የሚችል፣ ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ግድግዳ ፈለጉ። መልሳቸው ሴራሚኩ ቀስ በቀስ ወደ ብረት የሚለወጥበት ቁስ ነበር። ሁለቱ የሚላቀቁበት ድንበር ጠፋ፤ ሴራሚኩ በድንገት ሲቀዘቅዝ መሰንጠቁ ግን አልቀረም።

ደላሌና ኤርዶጋን በ1983 እንዳሳዩት፣ የቁሱ ግትርነት ሳይቋረጥ እስከተለወጠ ድረስ በስንጥቅ ጫፍ ያለው ውጥረት እንደ ወጥ ቁስ ሁሉ ከርቀቱ ካሬ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ስለዚህ የቆየው መሣሪያ ያገለግላል፤ ግን እንዳለ አይደለም። ራይስ በ1968 ያቀረበው ጄ-ኢንተግራል በተለዋዋጭ ቁስ ውስጥ የግትርነቱን ለውጥ የሚይዝ ተጨማሪ አባል ይሻል። አባሉ ከተዘነጋ ውጤቱ እንደ ተመረጠው ዑደት ስፋት ይለያያል፤ አሳሳቹ ነገር ቁጥሩ ስህተት አለመምሰሉ ነው። ስንጥቁ አንድ ብቻ ሲሆን ዑደቱን እያሰፉ መፈተሽ ይቻላል። ጎረቤት ሲኖር ግን ዑደቱ የሌላውን ጫፍ መክበብ ስለሌለበት ከውጭ ይጠባል፤ ከውስጥ ደግሞ ጫፉ አጠገብ ያለው የስሌት ጉድለት ይገፋዋል። ለፈተና የሚቀረው ቦታ ጥቂት ነው።

የፋይናይት ኤለመንቱ ጉዳይም አለ። እያንዳንዱ ኤለመንት አንድ ግትርነት ብቻ ከተሰጠው ቁሱ ደረጃ ይሆናል፤ ንድፍ አውጪው የደመሰሰውን ድንበር አስሊው መልሶ ይሠራዋል ማለት ነው። ኪምና ፓውሊኖ በ2002 እንዳደረጉት ግትርነቱን በኤለመንቱ ውስጥ መለዋወጥ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ርዝመታቸው እኩል ሆኖ የተቆለፈ ስንጥቆችን ብቻ ማስላት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ መከላከሉን ያሳያል፣ መፍረሱን ግን አያሳይም። ከትይዩ ስንጥቆች አንዱ በጥቂቱ ከቀደመ ከለላው ይሳሳበታል፤ የቀሩት በእርሱ ጥላ ሥር ጸጥ ሲሉ እርሱ ብቻውን ወደ ብረቱ ይገሰግሳል።