ልጃችን የት ትማር? ስለ ሙያ ትምህርት ቤት ምርጫ



የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚወጣበት ሰሞን በቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ዓይነት ድምፅ እንሰማለን። አንዱ መድረክ ላይ ነው። ያለፈው ልጅ ወላጆች ወጥተው ይመሰክራሉ፣ እልልታው ይቀልጣል። ሌላው ከአምልኮ በኋላ ወደ ቢሯችን መጥቶ በሹክሹክታ “ፓስተር፣ ልጁ አልመጣለትም፤ ይጸልዩልን” የሚለው ነው። በ2014 ዓ.ም ፈተናውን ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ቁጥር ወደ አንድ የወጣቶች ኅብረት አምጡት፤ ከ100 ልጆች 97ቱ በሹክሹክታ የሚጸለይላቸው ሆኑ ማለት ነው። ለሦስቱ የምስክርነት ጊዜ አለን። ለ97ቱስ ምን አለን?

ይህ ጥያቄ ባለፈው ዓመት ቤታችን ድረስ መጣ። የእህታችን ልጅ ከሆሳዕና አዲስ አበባ እኛ ዘንድ ስትመጣ አባቷ በሬ ሸጦ የሰጣትን ብር ይዛ ነበር። የአባትየው መልእክት አጭር ነው፦ “አካውንቲንግ አስተምሩልኝ።” እርሷ ግን ገና ሳምንት ሳይሞላት፣ እራት ላይ አንገቷን ደፍታ “ጋሼ፣ እኔ እኮ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምፈልገው” አለች። እኛ ባልና ሚስት ተያየን። ነገሩ ወጣ ሲል ደግሞ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ “ሴት ልጅ ምሰሶ ላይ ልትወጣ ነው?” ብለው ሳቁ።

አገራችን ለእጅ ሥራ ያላት አመለካከት የቆየ ቁስል ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸክላ የምትሠራውን ሰው ምርታቸውን እየተጠቀምን ስም እናወጣላቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ ሙያን መሳደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢያስቀርም ከሳሎን ግን አልወጣም። ዛሬ “ቀጥቃጭ” አንልም፤ “ውጤት ስላልመጣለት ቴክኒክ ገባ” እንላለን።

ወገኖች፣ መጽሐፍ ቅዱሳችንን በዚህ ዓይን እናንብበው። በኦሪት ዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር በመንፈሱ የሞላው ሰው ነቢይም ንጉሥም አልነበረም። ባስልኤል የሚባል የወርቅ፣ የናስና የእንጨት ሠራተኛ ነበር። ምዕራፍ 35 ላይ ስትደርሱ ደግሞ ለእርሱና ለኤልያብ ሌሎችን የማስተማር ልብ እንደተሰጣቸው ታያላችሁ። የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ እጅ የሚያስተምሩ አስተማሪዎች ነበሩ ማለት ነው። ጳውሎስም ቆሮንቶስ ሲገባ ያረፈው አቂላና ጵርስቅላ ቤት ነው፤ ምክንያቱን ሉቃስ ሲነግረን ሙያቸው አንድ ስለነበረ ነው ይላል። ሦስቱም ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ይህን ክፍል ስንማር ስለ ወንጌል ስልት ብዙ ተወያይተናል፤ ስለ መርፌውና ስለ ቆዳው ግን የጠየቀ ሰው አናስታውስም።

እሺ፣ ልጅቷ ሙያ ትማር። ግን የት? አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ናት። የመንግሥቶቹ ተግባረ ዕድ፣ እንጦጦ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ ምሥራቅ፣ ንፋስ ስልክ አሉ። የግሎቹን ማስታወቂያ ደግሞ በየታክሲ ተራው ታያላችሁ። “ጌታ ይመራናል” ብለን ተነሣን። ነህምያም እንዲሁ አድርጓል። ቀን ከሌሊት ጸለየ፣ ከዚያ ግን ኢየሩሳሌም ሲደርስ በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በዓይኑ መረመረ። ጸሎት ዓይንን አይተካም።

መጀመሪያ የሄድንበት የግል ኮሌጅ ያማረ ነበር። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ የተቀበለችን ልጅ ትሑት ናት፣ የመመዝገቢያ ቅጹም ወዲያው ወጣ። “ወርክሾፑን እንየው” ስንል ቁልፉን የያዘው ሰው ወጥቷል ተባልን። ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለውን የእውቅና ፈቃድ ቀርበን ስናነበው የሌላ ቅርንጫፍ ነው፤ የሙያ ዝርዝሩ ውስጥም ኤሌክትሪክ የለም። እባካችሁ ይህችን ያዙልን፤ ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ ሳይሆን ለሙያው፣ ለደረጃውና ለግቢው ነው። “ፈቃድ አለን” ሲሏችሁ “ለዚህ ሙያ፣ ለዚህ ደረጃ፣ እዚህ ግቢ?” በሉ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄዶ ማረጋገጥ ግማሽ ቀን ይፈጅ ይሆናል፤ አንድ በሬ ግን የስንት ዓመት ድካም ነው።

ሁለተኛው የመንግሥት ነበር። ግቢው አቧራ ነው፤ ጥበቃው ሦስት ጊዜ አስመልሶናል። ወርክሾፑ ግን ክፍት ነበር። ሠልጣኞቹ ጣውላ ላይ ሽቦ ዘርግተው ማብሪያ ማጥፊያ ይገጥማሉ፣ ያፈርሳሉ፣ እንደገና ይገጥማሉ። ቱታቸው ቆሽሿል። አሠልጣኟ ሴት ነበረች። ልጃችን ይህን ስታይ ፊቷ ላይ የሆነውን እኛ ልንገልጸው አንችልም። ባለቤቴ ክንዴን ጎሸም አደረገችኝ፤ በእኛ ቤት ይህ “አሜን” ማለት ነው።

ያም ሆኖ መጠየቃችንን አላቆምንም። ሥልጠናው የትብብር ነው ይባላል፤ በመርሁ 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በትምህርት ቤት የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ “የትኛው ድርጅት ትልኳቸዋላችሁ? እዚያስ ማን ይከታተላቸዋል?” የሚለው ነው። ልጁ ሰባ በመቶውን ሻይ ሲያመላልስ ሊያሳልፍ ይችላልና። ቀጥሎ በተለምዶ ሲኦሲ ስለምንለው የብቃት ምዘና ጠየቅን። ትምህርት ቤቱ ያስተምራል፣ የሚመዝነው ግን ሌላ አካል ነው፤ ስለዚህ “ከእናንተ ስንቱ ተመዝኖ ስንቱ አለፈ?” የሚለው ከሁሉ የተሻለ መስተዋት ነው። የመግቢያ መቁረጫ ነጥብም በየዓመቱ ስለሚወጣ ባለፈው ዓመት ወሬ አትሂዱ። የታክሲውን ነገር ደግሞ አትናቁት። ከቤታችን በሦስት ታክሲ ነው የሚደረሰው፤ ጠዋት በሰልፍ የሚባክነው ጊዜና ሒሳቡ ከክፍያው በላይ ልጅ ያስቀራል።

አባትየውን በስልክ ማስረዳት ከሁሉ ከበደ። ስለ ባስልኤል ነገርነው፤ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ “ፓስተር፣ እርስዎ ያሉት ቃሉ ነው፣ አልከራከርም። ግን በሬውን ለሽቦ ሸጥኩ ብዬ ለጎረቤት ልንገር?” አለ። የበሬው ገንዘብ አብዛኛው እንዳልተነካ ነገርነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “ለአንድ ዓመት እንየው” አለን።

አሁን ልጅቷ ጠዋት ጠዋት አንድ ሕንፃ ግንባታ ላይ ለልምምድ ትሄዳለች። ማታ ደክሟት ስትገባ ጣቶቿ ላይ የሽቦ ጭረት እናያለን። አባቷ እስካሁን ለጎረቤት አልተናገረም። የምዘናዋ ቀን ገና አልተቆረጠም፤ በጸሎታችሁ አስቧት።