የያዮ ቡናና የወደቀ ሰው

ከበደሌ ወደ መቱ የሚጓዝ መንገደኛ ያዮ ሲደርስ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ዘርቶ ያልተከለው ቡና ይበቅላል። ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

ቡና አርጅቶ ፍሬ ቢነሣ ዐዋቂ ገበሬ አይነቅለውም፤ ግንዱን ከምድር ጥቂት ከፍ አድርጎ ይጎነድለዋል እንጂ። ላላወቀ ሰው የሞተ ይመስላል። ሥሩ ግን ሕያው ነውና ያቆጠቁጣል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶም ያፈራል።

ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ጌታም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ ጠይቆ በጎቹን አደራ ሰጠው እንጂ አልነቀለውም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከቤታችሁ የወደቀ ልጅ ቢኖር ወደ ንስሐ አባቱ ምሩት እንጂ ደጅ አትዝጉበት። ቀኖናው መጎንደል ቢመስለውም ሥሩን ያድንለታል። ፍሬውን ግን በማግሥቱ አትጠይቁት።