እየቆሙም ይደረሳል

በአውሮፓ አሮጌ መኪና ይዞ ለበጎ አድራጎት ረጅም መንገድ የመጓዝ ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የሞንጎሊያ ራሊ አንዱ ነው። ተሳታፊዎቹ ለእርዳታ የሚሆን ገንዘብ አሰባስበው፣ ሞተራቸው ትንንሽ በሆኑ መኪናዎች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዘዋል። ቀድሞ መግባት ሳይሆን መድረስ ብቻ ነበር የሚፈለገው።

በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለው ጉዞ ለጀብዱ የሚደረግ አይደለም። የተቸገረ ወገን ስላለና የተሻለ መኪና ስለሌለ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺ ዞን በተነሣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤት ንብረታቸውን ጥለው ወደ ወለጋ ተሰደዱ። አጥቢያችን 80 ብርድ ልብስና የልጆች ደብተር ሰበሰበ። ዲጋ ላሉት እንድናደርስ እኔና ባለቤቴ ተላክን። የተገኘችው መኪና ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለች ፒክ አፕ ነበረች። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዲጋ ደግሞ ከነቀምት አልፎ በጊምቢ መንገድ ላይ ትገኛለች።

በዚያን ጊዜ ከተጋባን 17 ዓመታችን ነበር። በመካከላችን ጠብ አልነበረም። ሆኖም ንግግራችን በቤት ኪራይና በልጆች የትምህርት ክፍያ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከሆለታ እስከ አምቦ ድረስም ብዙ ቃል አልተለዋወጥንም።

ጉደርን አልፈን የጌዶን ዳገት ስንጀምር መኪናዋ ጋለች፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ቆመን አቀዘቀዝናት፣ ውሃ ጨመርን፣ ትንሽ ሄደን ደግሞ ቆምን። ጌዶ ያገኘነው መካኒክ ራዲያተሩ እንደሚያፈስ አሳየንና የቻለውን ያህል በየደው። «ልትደርስ ትችላለች፤ ዳገት ላይ ግን እየቆማችሁ ነው። ዕቃውን በአይሱዙ ልካችሁ ብትመለሱ ይሻላል» አለን። እኔ ገና ሳስብ ባለቤቴ፣ «ወንድሜ፣ ጀሪካኖቹን የምንሞላበት አሳየን፤ ሄደን ዓይናቸውን ማየት አለብን» አለችው።

ባኮ አድረን በማግስቱ ወደ ነቀምት ስንወጣ 11 ጊዜ ቆመናል። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ ወዲያው አይከፈትም፤ ከተከፈተ የፈላው ውሃ ገንፍሎ ሰው ያቃጥላል። ስለዚህ መቀመጥ ግድ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለን ባለቤቴ ድንገት፣ «እናቴ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ አለቅሳለሁ። አንተ ደክመህ ስለምትገባ አልነገርኩህም» አለችኝ። እናቷ ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖ ነበር። ምንም ሳልል እጇን ይዤ አዳመጥኳት። ስለ እናቷ ስታወራ ሞተሩ በርዶ ነበር፤ እኛ ግን ገና አልተነሣንም። ከብዙ ወራት በኋላ አብረን የጸለይነው እዚያ አስፋልት ዳር ነው። በቀጣዩ ዳገት መኪናዋ ስታቆመን ባለቤቴ ሳቀች፤ «ይቺ መኪና ደኅና ብትሆን ኖሮ እኮ ዝም እንዳልን እንደርስ ነበር» አለች።

ዲጋ የደረስነው ሲመሻሽ ነው። «ባጋ ነጋን ዱፍተን» ብለው ተቀበሉን፤ ቡናም ተፈላ። ስለ መኪናዋ ስናጫውታቸው፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ የተሰደደች አንዲት እናት፣ «ብርድ ልብሱንስ ሌላ መኪናም ያመጣው ነበር። እናንተ እየቆማችሁም መምጣታችሁ ግን እንዳልተረሳን ነገረን» አለችን።

ስንመለስ ነቀምት ላይ ኦኔሲሞስ ነሲብን አሰብን። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ይህ ሰው ወንጌልን ይዞ ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ተመኘ። በ1880ዎቹ በሱዳን በኩል ሞክሮ ከድንበሩ አቅራቢያ ለመመለስ ተገደደ፤ በሌላ ጊዜም እንጦጦ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ነቀምት የገባው በ1904 ነው። በቆመባቸው ዓመታት ግን ሥራ አልፈታም። ከአስቴር ጋኖ እርዳታ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ እርሱም በ1899 ታተመ። መንገዱ ቶሎ ተከፍቶለት ቢሆን ኖሮ ባዶ እጁን በደረሰ ነበር። ሲደርስ ግን ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚያነበውን ቃል ይዞ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7 ሩጫውን ስለ መጨረሱ ይናገራል፤ በፍጥነቱ ግን አይመካም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥7 ደግሞ የከበረው መዝገብ የተቀመጠው በሸክላ ዕቃ እንደ ሆነ ያስተምረናል። የትዳር ጓደኛችንም እኛም ሸክላ ነን። ስለዚህ ቤታችሁ የጋለ ቀን ክዳኑን በኃይል ለመክፈት አትቸኩሉ። ቁሙ፤ ይብረድ። ከዚያ በፍቅር ክፈቱት፤ ውሃውንም ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አብራችሁም ጸልዩ። የላካችሁ ጌታ ታማኝ ነውና ዳገቱ ላይ ትቶአችሁ አይሄድም። መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።