ከአያት ወዲያ

በአዲስ አበባ ለብስክሌት የሚኾን መንገድ የት ይገኛል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነው። ይኸውም አያት አደባባይ ላይ ቁሞ ጀርባውን ለከተማው፥ ፊቱን ለፀሐይ መውጫ እንዲሰጥ ነው። ቀላሉ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የምሥራቁ ሐዲድ ያበቃው በአያት ነው። ሐዲዱ ካበቃበት ወዲያ የለገጣፎ፥ የለገዳዲና የሰንዳፋ አገር ይቀጥላል። በዚያም አህያና እረኛ እንጂ መኪና የማያዘወትራቸው፥ ጠጠራቸው በእግርና በኮቴ የተደለደለ ብዙ መንገዶች አሉ። በጣሊያንኛው ቃል ፒስታ የምንላቸው እነዚህን ነው።

ወደ ፒስታው የገባነው ወደን ብቻ አይደለም። በየቅዳሜው አብረን የምንነዳ ሦስት ሰዎች ነን፤ ሦስታችንም ከኀምሳ ዓመት አልፈናል። አንደኛው ጡረታ የወጣ መምህር፥ ሁለተኛው ጎማ ጠጋኝ፥ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት መምህሩን ከኋላው የመጣ ሚኒባስ በአስፋልት ላይ ገፍትሮ ከቦይ ውስጥ ጣለውና የቀኝ ክንዱ ከሁለት ቦታ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሞ ደኅና በኾነ ጊዜ ባለቤቱ ብስክሌቱን ከዕቃ ቤቱ ብረት ጋር በሰንሰለት አሰሩት፤ ቁልፉንም በመቀነታቸው ቋጠሩት። እኔና ጎማ ጠጋኙ ሽማግሌ ኾነን ገባን። ድርድሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻም ቁልፉ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሰጥ፥ ነገር ግን መኪና በሚሄድበት አስፋልት ላይ መምህሩ ከኮርቻው ወርዶ ብስክሌቱን በዳር በኩል እየገፋ እንዲያልፍ ተስማማን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በብዙ ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር መሠራቱንም ነግረናቸው ነበር፤ እኔም በበኩሌ መልካም ሥራ ነው እላለሁ። እርሳቸው ግን «ቀለም ሚኒባስ ያቆማል ወይ?» ብለው ጠየቁን። ዝም አልን።

እንግዲህ ከጧቱ 12 ሰዓት ከአያት ተነሥተን፥ በውላችን መሠረት እየገፋን ለገጣፎን እናልፋለን። ከደሴው መንገድ ተገንጥለን የመጀመሪያውን ጠጠር ስንረግጥ መምህሩ እንደ ልጅ ዘሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የጎማው መንኰሻኰሽና የራስ ትንፋሽ ብቻ ነው። ትንፋሹ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የማያንስ ደጋ ስለ ኾነ ትንሹ ዳገት እንኳ ልብን ያንኳኳል።

ለዚህ መንገድ ቀጭን ጎማ አይረባም። ንፋሱ ጠጥሮ የተነፋ ቀጭን ጎማ በየድንጋዩ ይዘላል፤ ያረገበውም እንደ ኾነ ድንጋዩ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ይነክሰዋል። ስለዚህ ጎማው ወፈር፥ ንፋሱም ለስለስ ማለት አለበት። በቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ ጨምድዶ የያዘ ሰው በራሱ ላይ ፈረደ ማለት ነው። ውሻ ያባረረው ሰው ደግሞ አይሽሽ፤ ይልቁንም ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ ቀስ ብሎ ይራመድ። የገጠር ውሻ የሚጠላው መንኰራኵሩን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይተነዋል። በክረምት ግን ምንም ዘዴ የለም። ዋልካው በጎማውና በሹካው መካከል ተጠቅጥቆ መንኰራኵሩን ያስረዋል፤ ያን ጊዜ የሚሸከምህን ነገር አንተ ትሸከመዋለህ። ወራቱ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ጥር ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አቧራው ይበዛል።

ከመንገዶቹ ሁሉ የምወደው የለገዳዲን ውሃ የሚያሳየውን ነው። ለገ በኦሮምኛ ወንዝ፥ ዳዲ ደግሞ ጠጅ ማለት ነው። ይህ የጠጅ ወንዝ የተባለው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተገደበና እስከ ዛሬ አዲስ አበባን ያጠጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያም የድሬ ግድብ ታክሎለታል። የሕዝብ መጠጥ ነውና ከጉብታው ላይ ኾነን እናየዋለን እንጂ ወርደን አንነካካውም። በቧንቧዬ ጠብ ጠብ እያለ የሚመጣልኝን ውሃ እንደዚያ ሰፊ ኾኖ ተኝቶ ባየሁት ቍጥር የማላውቀው ዘመድ ቤት የገባሁ ይመስለኛል። ዳቦአችንን የምንቈርሰውም እዚያው ነው።

ደን የሚወድ ሰው ግን ወደ የካና ወደ እንጦጦ ተራራ ይውጣ። በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው በእንጦጦ ፓርክ ለብስክሌት የተሠራ መንገድ አለ። ዛፉ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ቢቸግር ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች አፈር ያደርቃል እያሉ ያሙታል፤ ከዝናብ በኋላ በሥሩ ያለፈ ሰው ግን ስለ ሽታው ብቻ ብዙ ይቅር ይለዋል። አንድ ነገር ላሳስብ። በዚያ ተራራ ጀርባቸው እስኪጐብጥ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክም ያለበት ሰው መንገድ ሊለቅ አይገባውም፤ የሚወርደው ብስክሌተኛው ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ብስክሌቶቻችንን በአይሱዙ ላይ ጭነን ቢሾፍቱ እንወርዳለን። እሳተ ገሞራ የቈፈራቸው እነዚያ ሐይቆች እንደ ሳሕን ክብ ስለ ኾኑ ዙሪያቸውን ለመንዳት የተፈጠሩ ይመስላሉ። ነገር ግን በባቦጋያና በኩሪፍቱ ዳርቻ ብዙ የመዝናኛ ቤቶች ስላሉ ብስክሌተኛው ሐይቁን ትቶ አጥር ሲያይ ይውላል። በሆራ በኩል ውሃውን እያዩ መሄድ ይሻላል።

የሚገርመው፥ ሌላው ዓለም ዛሬ ጠጠርን በገንዘብ የሚሻ መኾኑ ነው። በአሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በጠጠር መንገድ ላይ ውድድር ይደረጋል፤ የታወቀው ርቀት 200 ማይል፥ ማለትም 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2015 ዓ.ም. የጠጠር መንገድ የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በኢጣልያ ተካሄደ። እኛም ለብስክሌት እንግዶች አይደለንም፤ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጥቷል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ኾኗል። ታዲያ ሌሎች በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉት መንገድ በደጃችን እያለ፥ እኛ በየዓመቱ አንዳንዱን እናጣለን። በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ማሳ የነበረው ዛሬ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። የለገዳዲው ጉብታ መንገዳችንም በቅርቡ የቅየሳ ችካል ተተክሎበታል።

ይህንኑ ችካል እያየሁ ሳማርር አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ሰሙኝ። አህያቸውን እየነዱ ነበር፤ ቆም አሉና፥

«ጌታው፤ እናንተ መኪና ሽሽት ወደዚህ ትመጣላችሁ፤ እኛ መኪና ፍለጋ ወደዚያ እንሄዳለን» አሉኝ። «ባለፈው ክረምት የልጄን ሚስት ምጥ ይዟት እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ ያወጣናት በዚህ በምትወዱት መንገድ ነው። ጭቃው እስከ ጕልበታችን ነበረ።»

«ልጅቱስ፥ አባቴ?» አለ መምህሩ።

«ተርፋለች፥ እግዜር ይመስገን። ልጁም አለ።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። አስፋልቱ መምጣት አለበት፤ ሦስት ሽማግሎች ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲንሸራሸሩ ብሎ ወላድን በቃሬዛ ማስኬድ አይገባም። የምለው ሌላ ነው። መሐንዲሱ ለመኪና የሚኾነውን ሲለካ በዳር በኩል ሁለት ሜትር ጠጠር፥ በቦይ ወይም በዛፍ ረድፍ የተለየ፥ ለእግረኛና ለአህያ ለብስክሌትም ቢተው ምን ይጐድልበታል? ይህንን ለገበሬው ባስረዳቸው ሣቁና የአህያይቱን ጀርባ መታ መታ አደረጉ። «እርሷስ ትወደዋለች፤ አስፋልት ላይ ኮቴዋ ይንሸራተታል» አሉ።

መምህሩ የችካሉን ነገር ለባለቤቱ እስካሁን አልነገረም። ጎማ ጠጋኙ ከሰንዳፋ ወዲያ ሌላ ፒስታ አለ ብሎ ሰምቷል። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ በአስፋልቱ ዳር እየገፉ መሄድ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ፥ ለመጪው ቅዳሜ ከአንድ የአይሱዙ ሹፌር ጋር በዋጋ እየተከራከረ ነው።